ስህተት የሌለበት ቅጂ

ጋሼ እርማት የሞቱት በምሳ ሰዓት ነው። በሠላሳ አራት ዓመት የጋዜጣ ሥራቸው ማንንም አስቸግረው የማያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ ሲሞቱም ሰው ሁሉ በልቶ እስኪመለስ ድረስ በሕንጻው ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በደረታቸው ተኝተው ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሲጋራ ሊያጨስ የወጣ የማተሚያ ክፍል ሠራተኛ አገኛቸው።

ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ጋዜጣው የተሳሳተውን ሁሉ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ «እርማት» በሚል ርዕስ የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ዓመት ግን «ጋዜጣችን መልቲሚዲያ ሆኗል» ተባለና፣ ዕድሜ ልኩን ብዕር የያዘ ሁሉ ካሜራና ማይክ ታደለው። ጋሼ እርማትም በስድሳ ዓመታቸው እንደገና ተማሪ ሆኑ።

ያስተማረቻቸው መቀስ ናት። መቀስ ቪዲዮ የምትቆርጥ የምትቀጥል ልጅ ናት፤ እውነተኛ ስሟን ከደሞዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው የለም። ያን ቀን ሁሉም በመስኮት ተንጠልጥሎ ሲያይ እሷ ከወንበሯ አልተነሣችም። የሠራችውን ታውቃለቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራው ቀይ ቁልፍ አንዴ ሲጫኑት መቅዳት ይጀምራል፣ ሁለተኛ ሲጫኑት ያቆማል። ጋሼ እርማት ግን ካሜራውን ከቦርሳው እንዳወጡት «ይንቃ» ብለው አንዴ ይጫኑታል። ያኔ መቅዳት ይጀምራል። ከዚያ «እሺ፣ አሁን ጀመርን» ብለው ሲጫኑት ያቆማል። ተናግረው ጨርሰው፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ሲጫኑት ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ንግግራቸው አንድም ቀን ተቀድቶ አያውቅም። የሚቀዳው በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ አቧራ የጠጣ ጫማቸው፣ ኮርኒሱ፣ አፍንጫቸው፣ «ይቺ ነገር ምን ሆነች?» የሚለው ማጉረምረማቸው። አርባ ያህል እንዲህ ያለ ቅጂ ተጠራቅሞ ነበር። መቀስ ከሦስት ቀን በፊት ሥራ ፈትታ ከነዚያ ላይ ሁለት ደቂቃ ቆረጠች፤ ለሁለት ሰው ላከች፤ ሁለቱ ለስንት እንደላኩት እግዜር ይወቅ። በማግስቱ ጋሼ እርማት ሲገቡ ቢሮው ሁሉ ጫማቸውን አየና ሳቀ።

አሁን ሞተዋል።

*

ኢንስፔክተሯ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው፣ ግራ ጆሯቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ሰው ሲያናግራቸው በቀኝ በኩል ያስቀምጡትና አፉን ሳይሆን ዓይኑን ያያሉ። ጓሮው ውስጥ ብዙ አልቆዩም። ሬሳው እግር ሥር ቁጢጥ ብለው፣ «ጫማው ዛሬ ጠዋት ቀለም ተቀብቷል» አሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ጣሪያው ወጡ።

ጣሪያው ዙሪያውን ከጉልበት የማያልፍ ጠርዝ አለው። ዘጋቢዎች ከተማውን ከኋላቸው አድርገው የሚቀረጹት እዚያ ነው። በትራይፖድ ላይ ካሜራ ቁጥር ሦስት ቆሟል፤ ማስታወሻ ካርዱ ላይ አንዲት አሥራ አንድ ሰከንድ የምትሆን ቅጂ ብቻ ነበረች። ጋሼ እርማት ያቺን አንዲት ቡናማ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በነጭ ግድግዳ ፊት ቆመዋል። ዓይናቸውን ቀና አድርገው፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ። ከዚህ በላይ አልችልም» ይላሉ። አለቀ።

ይህን ያየ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዋና አዘጋጁ መነጽራቸውን አወለቁ። የድምፅ ባለሙያው ዲሲቤል ወደ ግድግዳው ዞረ። መቀስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ኢንስፔክተሯ ግን ቅጂዋን ድምፁን አጥፍተው ሦስቴ አዩዋት።

«አይሰሙትም እንዴ?» አለ ዲሲቤል።

«ሰምቼዋለሁ። አሁን እያየሁት ነው።»

*

በመጀመሪያ ዋና አዘጋጁን አስጠሩ።

«ጠላት ነበራቸው?»

«የሰው ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም፤ ግን የሚገድል ጠላት... እሳቸው እኮ ዝንብ እንኳ በመስኮት የሚያስወጡ ሰው ነበሩ።»

«ሰሞኑን ምን እየሠሩ ነበር?»

«ምንም።» ዋና አዘጋጁ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ምንም።»

«አንዴ የተባለ ምንም፣ ምንም ነው» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሁለቴ ሲባል አንድ ነገር ይሆናል። ይሄዱ፤ ሲያስታውሱት ይመጣሉ።»

ቀጥሎ ዲሲቤል ገባ። አፉ እንደ ሥራው ነው፤ ከተከፈተ ልኩን አያውቅም። በምሳ ሰዓት ማን ሕንጻው ውስጥ እንደነበር ሲጠየቅ፣ «እኔ፣ ዋና አዘጋጁ፣ መቀስ፣ ዘጋቢው ኮከቡ» ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «እኔ ምሳዬን ኮሪደሩ ላይ ነው የምበላው። ኮከቡ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ድምፅ መቅጃው ክፍል ውስጥ ነበር።»

«አየኸው?»

«ቀዩ መብራት በርቶ ነበር።»

«ስለ መብራቱ አልጠየቅኩህም፤ ሰውየውን አየኸው?»

«ኢንስፔክተር፣ ቀዩ መብራት ሲበራ ያ በር አይከፈትም። አንዴ የጽዳት ሠራተኛዋ ከፍታ የገባች ቀን በዜናው መሃል ‹ውይ፣ ሰው አለ እንዴ› የሚል ተላልፏል። ከዚያ ወዲህ የሚደፍር የለም።»

«ማብሪያው ከየት ነው?»

«ከውጭ ነው፤ በሩ ጎን...» ዲሲቤል ንግግሩን ቆረጠ። በሕይወቱ እንደዚህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ኢንስፔክተሯ ዕቃ የወሰደ ሁሉ የሚፈርምበትን ደብተር ከእጁ ተቀብለው አሰናበቱት።

ኮከቡ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ፤ በዚያ ቢሮ ለመግባት ጎንበስ የሚለው እሱ ብቻ ነው። የዓመቱን ምርጥ የቪዲዮ ዘገባ ሽልማት ያገኘ ዘጋቢ ነው። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መሸጡን በራሱ አንደበት ያመነበትን ቃለ መጠይቅ ያላየ አልነበረም።

«ከጋሼ ጋር ትግባቡ ነበር?»

«አባቴ ማለት ናቸው።»

«ካሜራ አስተምረሃቸው ታውቃለህ?»

«እኔ? በጭራሽ። እሱ የመቀስ ጣጣ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ነገር ግን በተከፈተው በር መቀስ ጠረጴዛ ድረስ እንዲሰማ ሆኖ ነው ዝቅ ያለው። «እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ቤት ሰው ስቆባቸዋል። ማን እንዳሳቀ እኔ አልናገርም። ግን ሽማግሌ ሰው እስከ ስንት ይችላል?»

መቀስ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ጉልበቷ መሃል ሸሸገችው።

እሷ ስትጠራ ኢንስፔክተሯ አንድ ወረቀት ዘርግተው ነበር፤ ከሬሳው ላይ የተገኘ ዕቃ ዝርዝር። ከወረቀቱ ላይ አንዲት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ተቀምጣለች።

«ጸሐፊያችን ‹አንድ የካፖርት ቁልፍ› ብሎ መዝግቧታል። ካፖርቱን አየሁት። አምስት ቁልፍ አለው፤ አምስቱም በቦታቸው ናቸው። ይቺ ስድስተኛዋ የምንድን ናት?»

መቀስ ታውቃታለች። የራሷ ማይክ ናት። ከቪዲዮው በኋላ ዓይናቸውን ማየት ስላቃታት፣ ያን ዕለት ጠዋት «ዛሬ ብቻዬን አንድ ነገር እቀዳለሁ» ሲሏት፣ ማይኳን ከካፖርታቸው ኮሌታ ሥር ራሷ አሰካችላቸው። «በርታለች፣ አይንኳት» አለቻቸው። ቀና ሳትል ነው ያለቻቸው። ይቺ ማይክ ካሜራው ቢቀዳም ባይቀዳም የሰማችውን ሁሉ በራሷ ሆድ ትይዛለች። ሲወድቁም፣ ከመውደቃቸው በፊትም፣ ያሉትን ሁሉ። ምናልባት የመቀስን ስም እየጠሩ።

«አላውቅም» አለች።

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን አዩ። «ጥሩ» አሉ። ማይኳንም ከጠረጴዛው አላነሷትም።

*

ኮሪደሩ ላይ የጋሼ እርማት ልጅ ቆማለች። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«መቀስ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

መቀስ ራሷን ነቀነቀች።

«አባዬ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ‹ትዕግሥቷ አያልቅም፤ አርባ ጊዜ ተሳስቼ አርባ ጊዜ ከመጀመሪያው አስረዳችኝ› ይላል።» ነርሷ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ለማልቀስ ጊዜ እንደሌላት ሰው። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሁሉም ከንፈሩን ይመጥልኛል እንጂ የሚነግረኝ አጣሁ። ራሱን ነው የጣለው?»

መቀስ ዞረችና ወደመጣችበት ክፍል ሮጣ ገባች፤ በሩንም መዝጋት አልሆነላትም።

«ማይክ ናት» አለች። «የኔ ናት። ዋሸሁዎት።»

«በቀኜ በኩል ተቀመጪ» አሉ ኢንስፔክተሯ።

ስለ ሁለት ደቂቃው ቪዲዮ ነገረቻቸው። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ መቀስም እንደምትሰማ እያወቀች ነገረቻቸው። ስለ ጫማው፣ ስለ ኮርኒሱ፣ ቁልፉን ስለሚጫኑበት ሁኔታ። ስትጨርስ ኢንስፔክተሯ የጠየቁት ጥያቄ ያልጠበቀችው ነበር።

«ያን ቪዲዮ ስትሠሪ ቅጂዎቹን ሁሉ አይተሻል?»

«አንድ በአንድ። ካሜራው ለያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ይሰጣል። ካርዱ ቢቀየር እንኳ ቆጠራውን አይረሳም። እስከ አርባ አንድ ደርሰው ነበር። ሃያ ሰባት ብቻ የለም። አንድ ሰው አውጥቶታል ብዬ ተውኩት።»

ኢንስፔክተሯ የጣሪያውን ቅጂ ከፈቱላት። «ይኼኛው ቁጥሩ ስንት ነው?»

መቀስ አየች። ጠጋ ብላ መልሳ አየችው።

*

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በስቱዲዮው ነጭ ግድግዳ ፊት ተሰበሰቡ። ዋና አዘጋጁ፣ ዲሲቤልና ኮከቡ በአንድ ወገን ተቀመጡ፤ ነርሷ ለብቻዋ፤ መቀስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ኢንስፔክተሯ አልተቀመጡም።

«በዚህች የአሥራ አንድ ሰከንድ ቅጂ ላይ አንድ ትልቅ ስህተት አለ» ብለው ጀመሩ። «ስህተቱ፣ ስህተት የሌለበት መሆኑ ነው። ቅጂዋ ሰውየው ከመናገራቸው በፊት ጀምራ ተናግረው ሲጨርሱ ታበቃለች። ጫማ የለ፣ ኮርኒስ የለ። በአርባ አንድ ጊዜ አንዴ እንኳ ያልሆነላቸው ነገር በሞቱ ቀን ሆነላቸው? ቁልፉን የተጫነው ጣት የሳቸው አይደለም። ሁለተኛ፣ እኔ በጆሮዬ ስለማልተማመን ዓይን አያለሁ። ብቻውን ራሱን የሚቀዳ ሰው ካሜራውን ያያል። እሳቸው ግን ከካሜራው ጎን፣ ቀና ብለው ነው የሚያዩት። ከካሜራው ኋላ የቆመው ሰው ከሳቸው ይረዝማል።»

ዲሲቤል ኮከቡን አየ። ዋና አዘጋጁ ራሳቸው አጭር ስለሆኑ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቁመታቸው የተደሰቱ መሰሉ።

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ኮከቡ ፈገግ ብሎ። «ረጅም መሆን?»

«አይደለም። ቁጥሩ ነው ማስረጃው። ጣሪያው ላይ የተገኘችው ቅጂ ሃያ ሰባት ቁጥር ናት። ካሜራው አርባ አንድ ደርሶ ነበር። ሰው ያረጃል እንጂ ወደ ኋላ አይቆጥርም፤ ካሜራም እንደዚያው። ይቺ ቅጂ ከሁለት ወር በፊት እዚህ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸች ናት፤ መቀስ ታማ የቀረችበት ሐሙስ። የዲሲቤል ደብተር ላይ በዚያ ሐሙስ ካሜራ ቁጥር ሦስትን የወሰደው ሰው ፊርማ አለ። ‹በጭራሽ አላስተማርኳቸውም› ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ረስቼው ነው! አንድ ቀን ነው! ደክሟቸው ‹ከዚህ በላይ አልችልም› አሉ፤ እኔም ለሳቅ ያህል ለራሴ አስቀረሁት። ሁሉም ስቋል እኮ! እኔ ብቻ ነኝ?»



«የዶሮ ድምፅ ያስገባሁበት እኔ ነኝ» አለ ዲሲቤል በድንገት። ማንም አልጠየቀውም። «መቀስ በሠራችው ቪዲዮ ላይ። አፍንጫቸው የሚታይበት ቦታ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ዋና አዘጋጁ ዞሩ። «እርስዎስ፣ ያን ‹ምንም› አስታወሱት?»

ሰውየው ነርሷን ላለማየት ወለሉን እያዩ ተናገሩ። «ባለፈው ሳምንት ደብተራቸውን ይዘው መጡ። የመድኃኒት ባለሙያው ቃለ መጠይቅ ላይ አብረው ተቀምጠው ማስታወሻ ይዘው ነበር። እንግዳው ከሄደ በኋላ የጠያቂውን ጥያቄ ለብቻው መቅረጽ የተለመደ ነው፤ ካሜራው አንድ ስለሆነ። ግን የተቀረጸው ጥያቄ ሰውየው የተጠየቀው አይደለም አሉኝ። እኔ... ‹የሽልማቱ ሰሞን ይለፍ› አልኳቸው።»

«ባለሙያውስ?»

«ከሥራ ተባሯል።»

«እሱም አለፈ ማለት ነው» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ጋሼ ግን አላለፉትም። በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ እርማቱን ሊቀዱ ወደ ጣሪያው ወጡ። ኮከቡ ዲሲቤል ምሳውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀመጥ ቀዩን መብራት አብርቶ፣ በሩን ዘግቶ ተከተላቸው። መብራቱን ያየ ሁሉ ሰውየውን ያየ መሰለው። ከዚያ ያለውን እኔ ብናገር ግምት ይሆናል። መቀስ፣ አሰሚን።»

ኮከቡ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጥቁር ነገር ያን ጊዜ ነው ያየው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ባለቤቱ ግን ሄዷል።

መቀስ ከፈተችው። እሷም ገና አልሰማችውም ነበር፤ ኢንስፔክተሯ «ከልጃቸው ቀድሞ ማንም አይሰማም» ብለው ከልክለዋት ነበር።

ነፋስ። የካፖርት መንሿሿት። «ንቂ እንጂ አንቺ» ለካሜራው። «እሺ፣ አሁን ጀመርን።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርማት። በሽልማቱ ቃለ መጠይቅ ላይ ባለሙያው የተጠየቁት ‹አንዲት ታካሚ ሳያስተናግዷት በመሄዷ ይጸጸታሉ ወይ?› ተብለው ነው። ‹አዎ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ አፍራለሁ› ያሉት ለዚህ ነው። መድኃኒት ስለመሸጥ አልተጠየቁም። ጥያቄው በኋላ ተቀይሯል። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሽልማቱ የቤታችን ስለሆነ ዝም አልኩ። አሁን የማፍረው እኔ ነኝ። ባለሙያውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

የእግር ኮቴ። ከዚያ የኮከቡ ድምፅ፦ «ጋሼ፣ ካርዱን ይስጡኝ።»

«አልሰጥህም ልጄ።»

«ያዋርዱኛል እኮ! በሰው ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

«ማፈር አይገድልም። እኔን እየኝ፤ ቢሮው በሙሉ ስቆብኝ ቁርሴን በልቼ መጥቻለሁ። ልጅቷ የሠራችውን አይቼ ራሴም ስቄያለሁ። ጫማዬ እንደዚያ መቆሸሹን የት አውቄ! ይኸው ዛሬ ጠርጌው መጣሁ። እንደሚወጣ አውቃለሁና። ንግግሬንም ባይቀዳው እሷ ታበጃጀዋለች። አንተም ና፣ አብረን እንፈር...»

መተናነቅ። ጨርቅ ሲቀደድ። ከዚያ መቀስ ድምፁን አጠፋችው፤ ነርሷ መስማት ያለባትን ሰምታለችና።

«አንዴ ብቻ ነው የገፋኋቸው» አለ ኮከቡ።

«አንዴ ይበቃል» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ካሜራው የቀዳውን አየህ። እሳቸው ‹አመሰግናለሁ› ብለው ያጠፉት መስሏቸው ሲጫኑት ጀምሮ ነበርና አንተን ነው የያዘው። ቁልፉን በትክክል ቢጫኑት ኖሮ አንተን አይቀዳም ነበር። ካርዱን ወስደህ ሃያ ሰባት ቁጥር ባለበት ካርድ ተካኸው። ሁለቴ ነው የገደልካቸው። በመጀመሪያው ከጣሪያ ጣልካቸው፤ በሁለተኛው ራሳቸውን የጣሉ አስመሰልካቸው።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጨ። የሳቀ የለም።

ነርሷ ተነሥታ ወደ መቀስ መጣች። መቀስ ጥፊ ጠበቀች፤ ጥፊ ብታገኝ ደስ ባላት። ነርሷ ግን አልነካቻትም፣ ይቅርም አላለቻትም።

«እሷ ታበጃጀዋለች ብሏል» አለች። «አበጃጂው።»

*

የጠፋው ካርድ ከኮከቡ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ፤ ጥሩ ካርድ ለመጣል ማን ይጨክናል! ሁለት ቅጂ ነበረበት፤ አርባ ሁለትና አርባ ሦስት። አርባ ሦስት ቁጥር ፖሊስ ዘንድ ቀረ። አርባ ሁለት ግን ካሜራው «ሲነቃ» የያዘው ዘጠኝ ሰከንድ ነው፤ በጣሪያው ሲሚንቶ ላይ የቆመ፣ የሚያብረቀርቅ ጥንድ ጫማ።

መቀስ ድምፃቸውን በዚያ ምስል ላይ አስቀመጠችው። ዘጠኙ ሰከንድ ሲያልቅ ምስሉ ቆሞ ይቀራል፤ ድምፁ ይቀጥላል። ዲሲቤል ነፋሱን ላጽዳው ወይ ብሎ ለመነ። እንዳትነካው አለችው። አንዲት ቃል አልቆረጠችም። ዋና አዘጋጁ እስከ መጨረሻው አይተው፣ «ይውጣ፤ ከዚያ እኔም እወጣለሁ» አሉ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውም እጃቸው ላይ ነበር። የመድኃኒት ባለሙያው እርማቱን ያየው ከቤቱ ነው አሉ፤ ምን እንዳለ የሰማ የለም።

ሁሉም ሲያበቃ መቀስ ቪዲዮው የተሰራጨበትን የቢሮውን ግሩፕ ከፈተች። ሳቁ ሁሉ እንደተደረደረ አለ፤ ዶሮዋም አለች። ብዙ ጻፈች፤ ብዙ አጠፋች። ጋሼ እርማት ሁልጊዜ «እርማት ሲረዝም ሰበብ ይሆናል» ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ የቀረው ይህ ነው፦

«እርማት፦ ባለፈው ሳምንት እዚህ በተሰራጨው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ የሚሳቅበት ሰው ተደርገው የቀረቡት አዛውንት፣ ከመካከላችን ማፈር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስህተቱ የኔ ነው።»

ከሥሩ ስሟን ጻፈች። መቀስ ብላ አይደለም፤ ከደሞዝ ክፍል በቀር ማንም የማያስታውሰውን ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። ከዚያ የመላኪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫነች።